ባዶ ብዬ የጻፍኩት ቤት

ሞያሌ ውስጥ ግድግዳን በጆሮው የሚመረምር ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔም በኋላ የሚመጣ አይመስለኝም። ይህን የምለው ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ግንበኝነትን ማንም ሳያስተምረው አይቶ የያዘ፣ የእንግሊዝኛን ፊደል ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ የለቀመ ሰው ነኝ። ስሜ በላቸው ነው። በኬንያዋ ሞያሌ ግን በዚህ ስም የሚጠራኝ ጥቂት ሰው ነው። ፉንዲ ይሉኛል፤ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ፉንዲ የሚባል በከተማው ሞልቷል። ዝም ብሎ «የፉንዲ ቤት የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ግን የሚያሳዩት የእኔን ቤት ነው።

ስለ ሥራ ዘመኔ የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለት ወጣቶች በሞተር ብስክሌት መጥተው ከፊት ለፊቴ ያለውን የተዘጋ ሱቅ በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ከሞተሩ እንኳ አልወረዱም።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ባዶ ቤት እየመዘገብን ነው፣ ምዜ።» ምዜ ማለት ሽማግሌ፣ የተከበረ ሰው ማለት ነው።

«ባዶ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

«ተቆልፏል እኮ!» አለ ከኋላ የተቀመጠው፤ ሳቀና ሄዱ።

እኔ አልሳቅሁም። ያንን ሥራ ለዓመታት የሠራሁት እኔ ነኝ። «ተቆልፏል እኮ» ማለት ምን እንደሚያስከፍል የማውቀውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ጻፍኩ።

ከአገሬ የወጣሁት መንግሥት ሲለወጥ ነው። ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ገባሁ። የመጀመሪያ ግንቤ የመጠለያው መጸዳጃ ቤት ነበር። ግንበኛ ነህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዎ አልኩ፤ አልነበርኩም። በማግስቱ ሌሎቹ ገመድ ሲወጥሩ፣ ቱምቢ ሲያወርዱ፣ የሲሚንቶና የአሸዋ ማልታ ሲያቦኩ ሰርቄ አየሁ፤ በሳምንቱ ከእነሱ ቀጥ ያለ ግድግዳ አቆምኩ። ዋልዳ ሲዘጋ ሞያሌ ገባሁ፤ ሄሉ በሚባለው ሠፈር አገባሁ፤ ወለድኩ። የመኖሪያ ወረቀት ያገኘሁበት መንገድ ራሱን የቻለ መከራ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። በከተማው ዋና መንገድ ላይ ዛሬ ቆመው ከምታዩአቸው የድንጋይ ሱቆች ብዙዎቹ የእጄ ሥራ ናቸው። አንዱም አልተሰነጠቀም።

መሥሪያ ቤት የገባሁት ካውንቲ የሚባለው አስተዳደር ከመጣ በኋላ ነው። ከተማው ተጣልቶ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ መዘርዘር የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ቤቶቹ ነው። ሰው ልጁን አዝሎ ድንበሩን ወደ ኢትዮጵያው ማዶ ተሻገረ፤ ያለው ናይሮቢ ወረደ። ሰላም ሲሆን ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። የቀሩት ሰዎች ቤቶች ቆርቆሯቸው ተነቀለ፣ ጅብ ገባባቸው፣ ሌባ ዕቃ ደበቀባቸው፣ አንዱ ደግሞ ፈርሶ የጎረቤት ፍየሎችን ጨፈለቀ። ስለዚህ ደንብ ወጣ። ሰው የማይኖርበት ማንኛውም ቤት ይመዘገባል፤ በበሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፤ በሦስት በሦስት ወር ይመረመራል። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ መጥቶ ይፈርማል። እስከ ሦስተኛው ምርመራ የፈረመ ከሌለ ቤቱ ይታሸጋል፤ በሩም መስኮቱም በብሎኬት ይደፈናል። ሊወድቅ የደረሰ ከሆነ ይፈርሳል።

ይህን ለመሥራት ግድግዳ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ዲፕሎማ ያላቸው ሦስት ሰዎች ጠርቶ አንድ አሮጌ ግንብ አሳያቸው፤ ሦስቱም ደህና ነው አሉ። እኔ የመዶሻዬን እጀታ ሁለት ቦታ መትቼ «ይህ ከጥር አያልፍም» አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ወደቀ። ቀጠሩኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ እሱም ይዘገይ ነበር፤ ይለፍ።

የመጀመሪያ አለቃዬ ምዜ ጉዮ ይባሉ ነበር። ኡራን የሚባል ገጠር ሰው፣ ቦረና፣ ረጅምና ቀጭን፣ ጥቁር ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው። ስለ ግንብ ከእኔ ያነሰ ያውቁ ነበር፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም። ስለ ባዶ ቤት ግን እሳቸው ያስተማሩኝን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም ነበር፤ የተማርኩትም ዘግይቼ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ቤቱ ጋ ሲደርሱ በቀጥታ ወደ በሩ አይሄዱም። መጀመሪያ ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ነው። ከዚያ በሩ ፊት ይቆሙና ያንን ከራሳቸው የማይወርድ ኮፍያ ያወልቃሉ። «ሆዲ!» ይላሉ። እዚህ ሰው ቤት ስንደርስ የምንለው ነው፤ ቤቶች፣ እንግባ ወይ እንደማለት። ሦስት ጊዜ ይሉታል። ቀጥሎ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ምን ሊሠሩ እንደመጡ ለተዘጋው በር ይነግሩታል። በመጨረሻ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ደፉ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል። ዝም ብለው።

በመጀመሪያው ሳምንት መታገሥ አቃተኝ። «ደከመዎት እንዴ ምዜ?»

«አልደከመኝም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው? ቤቱ ባዶ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ጓጉንቸሩ ዝጓል!»

«ጓጉንቸር አይናገርም፣ ፉንዲ» አሉኝ። «የፈራ ሰው ስትጠራው ድምፁን ይይዛል። ሳሉን ግን እስከ መቼ ይይዛል? ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ያን ቀን ማንም አላሳለም። በብዙ ቤት ማንም አላሳለም። በልቤ ሽማግሌው የሚያርፉበት ሰበብ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መዝገቡ ላይ በዕለቱ በእርሳስ ብቻ ይጽፋሉ። በማግስቱ ጠዋት ገጹን ገልጠው ያነቡትና ያኔ በቀለም ይደግሙታል። «ስለ ሰው ቤት ነው የምትጽፈው፤ ነገም እንዲሁ የምታስብ ከሆነ ብዕር አንሣ» ይላሉ። በቀን አራት ቤት ብናይ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን ዐሥራ አራት እንደማይ አውቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ስለሠራሁት አንድ ሁለት ነገር ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩት የሚናገርልኝ የለም።

ማዶ የሚኖሩ ባለቤቶች ቤታቸው ባዶ ተብሎ እንዳይመዘገብ አንድ ዘዴ አገኙ። የምርመራችን ቀን ሲደርስ ግቢው ውስጥ እርጥብ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል። ልብስ ከተሰጣ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ግን ሰማያዊ ሸሚዝ ዓይኔ ገባ፤ አንገትጌው በካውያ የተቃጠለ። ሰኞ አንዱ ቤት አየሁት፣ ረቡዕ ሌላው ቤት፣ ዓርብ ሦስተኛው። ዓርብ ዕለት ግቢውን የምትጠብቀውን ሴት ጠየቅኋት።

«የማን ሸሚዝ ነው?»

«የባለቤቴ ነዋ፣ የማን ይሆናል?»

«ባለቤትሽ ስንት ቤት አለው?»

«አንድ!» አለች ተቆጥታ።

«እንግዲያው ሸሚዙ ከሱ የበለጠ ሀብታም ነው። ሦስት ቤት አለው።»

ሳቋ መጣባት፤ እኔም ሳቅሁ። ምዜ ጉዮ እንኳ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ሁሉ «ፉንዲ መጣ፣ ሸሚዙን አንሡ» እያለ ይቀልድ ጀመር።

ሁለተኛው የባለ ፎቁ ሱቅ ነገር ነው። ልስኑ ያምራል፣ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ባለቤቱ ሊያከራየው ፈልጎ ከባዶ ቤት መዝገብ ሰርዙልኝ አለ። ጠንካራ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ አጭር ነው። ጭቃ ያለበት ግንብ ድምፁን ይውጣል። ልስኑ ከድንጋዩ የተላቀቀ ከሆነ እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። የዚህ ቤት የኋላ ግድግዳ ከወገብ በላይ ጀሪካን፣ ከወገብ በታች ጭቃ ነበር። አይከራይም ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ በከተማው ሁሉ ሰደበኝ፤ ያልተማረ ሐበሻ አለኝ። በታላቁ ዝናብ የኋላው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ወረደ። በውስጡ ማንም አልነበረም፤ እንዳይኖር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰውየው መጥቶ እጄን ጨበጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሞያሌ በቃሌ ላይ ቃል የሚጨምር ጠፋ።

ጥፋቴም የጀመረው ከዚያ ቀን ይመስለኛል።

ምዜ ጉዮ ጡረታ ወጥተው ወደ ኡራን ከብቶቻቸው ጋ ተመለሱ። መዝገቡን እኔ ተረከብኩ። በቀን ዐሥራ አራት አልኩ አይደል? ዐሥራ አራት አደረግሁት። እርሳሱን ትቼ በቀጥታ በቀለም ጻፍኩ፤ እኔ አንዴ ያየሁትን ሁለት ጊዜ ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ሆዲ ማለቱን መጀመሪያ ወደ አንድ ጊዜ ዝቅ አደረግሁት፤ ቆይቼ ተውኩት። ደፍ ላይ መቀመጡንማ ከምዜ ጉዮ ጋር ሸኘሁት። አዲሱ አለቃዬ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሪፖርቴን እያየ «ፉንዲ፣ አንተ ሰው አይደለህም፣ ማሽን ነህ!» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ፣ ሁለት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት ነበር። የፊቱ በር በዛገ ጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ደጁ ላይ ሣር በቅሏል። የኋላው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከበሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ቁጥር ጻፍኩበት፤ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። በሁለተኛው ምርመራም እንዲሁ፤ የፈረመ የለም። በሦስተኛው ጊዜ ዙሪያውን ስዞር ከኋላው በር እስከ አጥሩ ያለው መሬት የተጠረገ መሆኑን አየሁ። አየሁት፤ አላየሁትም አልልም። ነፋስ ነው አልኩ። የሞያሌ ነፋስ እንደዚያ በቀጥታ መስመር እንደማይጠርግ ልጅም ያውቃል። ግን ሌላ ዐሥራ ሦስት ቤት ይጠብቀኝ ነበር። «ባዶ» ብዬ በቀለም ጻፍኩ።

በሳምንቱ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ብሎኬትና ሲሚንቶ ይዤ ተመለስኩ። ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ መገንባት አይጠበቅብኝም፤ ግን እጄ ግንብ ናፍቆት ነበር። የኋላውን በር እኔው ራሴ ደፈንኩት። ቱምቢ ጣልኩ፣ ገመድ ወጠርኩ፣ ማልታውን ራሴ አቦካሁ፤ ለሚታሸግ ቤት የማይገባ ጥራት ነው። መስኮቷንም ደፈንኩ። የፊቱንም በር እንዲሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁትና ለሠራተኞቹ «ይህን ግንብ ከእኔ በቀር የሚያፈርሰው የለም» አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቀኑ እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታጮኸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ምሳ በልቼ ጋደም ባልኩበት አንዲት ሴት በሩን ገፍታ ገባች። ሃዊ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ ወተት የምትሸጥ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። በመልክ አውቃታለሁ። ልብሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ፉንዲ!» አለች። «እናቴ ላይ ገንብተህባታል!»

«የማን እናት?»

«እናቴ! ማማ ሃዊ! ከውስጥ ናት!»

ዲጂኖዬን አንሥቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እየሮጥን ነው የነገረችኝ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በስዋሂሊ። ለቅሶ ልትደርስ ኡራን ሄዳ ነበር። ለአንድ ሌሊት ብላ ለእናቷ ምግብና አንድ ጀሪካን ውሃ አስቀምጣ ወጣች። ዝናብ ጣለ፤ ላጋው፣ ማለትም በበጋ ደረቅ የሆነው ወንዝ፣ ሞልቶ የጭነት መኪናውን አገደው።

ግንቡን መምታት ጀመርኩ። አልፈርስም አለኝ። ማልታው ደርቋል፤ እኔ ነኝ ያቦካሁት። ብሎኬቱ ተሰነጠቀ እንጂ አልተላቀቀም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ መጥፎ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ጎረቤት ወጣ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ሁለት ሰዎች መዶሻ ይዘው ሊያግዙኝ መጡ። ሃዊ «አዬ! አዬ!» እያለች ግድግዳውን በመዳፏ ትመታለች፤ እናቷን በቋንቋቸው ስትጠራ ነው። ከውስጥ መልስ የለም። የላይኛው ብሎኬት ሲወድቅ የወጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈው።

ማማ ሃዊን፣ በልጃቸው ስም የሚጠሩትን እናት፣ ከግንቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። በሕይወት ነበሩ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ልጃቸውን በቀዳዳው ሲያዩ በጣም ቀስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ አንዲት ቃል ጠየቁ።

«ሄዱ?»

እሳቸውን ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሲሄዱ እኔ እዚያው ፍርስራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ በጠብ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ የፊቱን በር ከውጭ ቆልፎ በኋላ በር እየገባና እየወጣ ውስጡ ይኖር ነበር። አላፊው ጓጉንቸሩን አይቶ «እነዚህም ተሻግረዋል» ብሎ ያልፋል። ሰላም ከወረደ በኋላም ማማ ሃዊ ጓጉንቸሩን አላስወለቁም። እግራቸው ታሞ ስለነበር ቀን ብቻቸውን ይውላሉ፤ ከውጭ የሰው ድምፅ ሲሰሙ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሃዊ ማስታወቂያዬን አይታው ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ሌላ ሰው እንዳታስነብብ ደግሞ በቤቱ ሰው እንዳለ ይታወቅብኛል ብላ ፈራች።

ይህን አለማወቄ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ማወቄ ነው። ዋልዳ ተዘግቶ ሞያሌ በገባሁበት ዓመት፣ ወረቀት የሌለው ሰው በየመንገዱ በሚያዝበት ጊዜ፣ እኔ ራሴ ስድስት ወር የኖርኩት ከውጭ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። ያከራየችኝ ሴት ጠዋት ትቆልፍብኝ፣ ማታ ትከፍትልኝ ነበር። ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ጓጉንቸሩን ሲነካኩ ጣቴን ነክሼ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ። ከመላው ከተማ ያንን ጓጉንቸር ማንበብ ከነበረባቸው ሰዎች አንደኛው እኔ ነበርኩ። ሰው መሬት ሲይዝና ስም ሲያወጣ የተደበቀበትን ጊዜ ይረሳል ይላሉ፤ እኔ አልረሳሁትም፣ ንቄው ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር።

«ፉንዲ፣ ይህ ነገር ወደ ላይ ከሄደ ሁለታችንም አለቅን። ሴትዮዋ ደህና ናት፣ አይደል?»

«በሕይወት አሉ።»

«እንግዲያው ከታሸገ በኋላ ሰብረው ገቡ ብለህ ጻፍ። ያበቃል።»

እንዲያ ከተጻፈ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የታሸገ ቤት የሰበረ ሰው በደንቡ ይከሰሳል፤ ቤቱም ጉዳዩ እስኪያልቅ በአስተዳደሩ እጅ ይቆያል። ያ ማለት ሃዊ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፤ እናትና ልጅ ያላቸውን አንድ ቤት ያጣሉ።

«በየት በኩል ሰብረው ገቡ ልበል?» አልኩት።

«በኋላ በር በል።»

«በእኔ ግንብ በኩል?» ቁጣ መጣብኝ። «እግራቸው የታመመ አሮጊት የእኔን ግንብ ሰብረው ገቡ? እኔ በዲጂኖ፣ ከሁለት ሰው ጋር፣ ስንት ደቂቃ እንደታገልኩት ሠፈሩ ሁሉ አይቷል!»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ያዳነኝ ጽድቅ አይደለም፤ ኩራቴ ነው። በጉዳዩ ሁሉ መልካም ነገር የሠራው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

«ሥራህን ታጣለህ» አለኝ።

መዝገቡን ወደ እኔ ሳብኩ። «ባዶ» ብዬ የጻፍኩበትን ገጽ ገለጥኩ። በቀለም የተጻፈ ስለሆነ ልሰርዘው አልችልም፤ በእርሳስ ቢሆንም አልሰርዘውም ነበር። ከሥሩ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰው ነበረበት። አልጠራሁም። ደፉ ላይ አልተቀመጥኩም። የተጠረገ መሬት አይቼ ዝም አልኩ። ያሸግሁት እኔ ነኝ፣ የሰበርኩትም እኔ ነኝ።» ስሜን ጻፍኩ፤ የአባቴንም ስም። ለሃዊ የቤቱ የባለቤትነት ፊርማ እንዲፈረምላት በዚያው ገጽ ምስክር ሆንኩ።

መዝገቡ ተወሰደብኝ። ከሥራ ግን አላስወጡኝም፤ ግንበኛ ስላጡ ይመስለኛል። እስከ ጡረታዬ ድረስ ያሉትን ሁለት ዓመታት ሌሎች ባዶ ያሉትን ቤት ግድግዳ እየጠገንኩ በተራ ሠራተኛ ስም ጨረስኩ።

በዚያ ሰሞን ምዜ ጉዮን ፍለጋ በጭነት መኪና ኡራን ድረስ ሄድኩ። ከብት ማጠጫው አጠገብ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ቸኩለህ ነበር?» አሉኝ።

«አልቸኮልኩም ምዜ። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አንዲት ጥጃ ከገንዳው ገፋ አደረጉ። «እሱ ከመቸኮል ይብሳል» አሉ። የመጣሁበት መኪና እስኪመለስ ድረስ ከጎናቸው ቆምኩ።

ማማ ሃዊ ከሐኪም ቤት ሲወጡ የሰበርኩትን ማስተካከል የእኔ ዕዳ ነበር። የፊቱን በር ግንብ አፈረስኩ፤ የኋላውን በር ጠርዝ እንደገና ገነባሁ፤ መስኮቷን አስፍቼ አወጣሁ፤ አዲስ መዝጊያ ገጠምኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራቱም ቀን እሳቸው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያዩኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻሉም። እኔ ግን ሥራውን ሳልጨርስ ይቅርታ መጠየቅ አልፈለግሁም፤ በባዶ እጅ መሄድ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማንኪያዬን አጥቤ ወደ ዛፉ ሄድኩ። ተንበረከክሁ። በኦሮምኛዬ፣ ደህና የማይባል ኦሮምኛ ነው፣ «ማማ ሃዊ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ፊቴን መረመሩ፤ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፄን የሚያስታውሱ መሰሉ።

«ያን ቀን ስትገነባ፣ ፀሐዩ ገደለኝ፣ ውሃ የያዘ የለም ወይ ያልከው አንተ ነህ?»

አላስታውስም ነበር። ግን ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ያላበኝም እኔ ነኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ የለም እንዳለኝ ትዝ አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጀሪካኑ አጠገቤ ነበር» አሉኝ። «በመስኮቷ በኩል እጄን ብዘረጋ ትከሻህን እነካህ ነበር። ገና አልደፈንካትም ነበር።» «እኛ ቦረናዎች የጠማው ሰው ውሃ ሲጠይቅ አንከለክልም። ጠላትም ቢሆን። እናቴ ውሃ የከለከለችው ሰው የለም፤ እናቷም የከለከለችው የለም። እኔ ግን ፈርቼ ሰው ሲጠማ ሰምቼ ዝም አልኩ። ሦስቱን ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ሳስብ የነበርኩት ይህንን ነው።»

ያንን ውሃ ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ይወጡ ነበር። ሦስት ቀን በሕይወት ያቆያቸው ደግሞ ያው ያልሰጡኝ ውሃ ነው። ሁለቱንም ልነግራቸው አሰብኩ፤ እሳቸው ግን ይህን ከእኔ በፊት አስበውት እንደነበር ፊታቸው ላይ አየሁ።

«ሃዊ!» ብለው ተጣሩ። «ውሃ አምጪ።»

ሃዊ በትልቅ ኩባያ ውሃ አመጣች። ለእኔ ልትሰጠኝ ስትል እናቷ ተቀበሏት። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግማሹ እየፈሰሰ፣ ዘረጉልኝ።

«እንካ» አሉ። «ይቅር በለኝና ጠጣ።»

ተቀብዬ ጠጣሁ። አልጠማኝም ነበር፤ ግን እስከ ታችኛው ጠብታ ድረስ ጠጣሁት። ኩባያውን ስመልስላቸው ውስጡን አይተው አለመቅረቱን አረጋገጡና ለልጃቸው ሰጧት።

«ድገሚው» አሏት። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው።»